የሚፈስበትን ቀዳዳ ፍለጋ፦ የአንድ የማታ ሙያ ኮርስ ማሻሻያ ማስታወሻ

ኮርሱ የኤሌክትሪክ ሞተር መቆጣጠሪያ ነው። 16 ሳምንት፣ በሳምንት ሁለት ምሽት፣ በምሽት 150 ደቂቃ፤ ባጠቃላይ 32 ክፍለ ጊዜ። 24 ተማሪ ይይዛል፤ ሁሉም አዋቂዎች ናቸው። አብዛኞቹ ቀን ሥራ ውለው የሚመጡ ሲሆኑ ከፊሎቹ ገና ሥራ ፈላጊ ናቸው። ከዚህ በታች ያለው ኮርሱ ሲሻሻል በየሳምንቱ ምን እንደተሠራ፣ ምን እንዳልሠራና ለምን እንደሆነ የተመዘገበበት ነው። የሒሳብ መዝገብ አያያዝ ወይም ነርሲንግ የሚያስተምር ሰው ሽቦውን በራሱ ዕቃ ተክቶ ሊያነበው ይችላል።

መነሻችን አንድ ግምት ነው። ከሥራ ውሎ ደክሞት፣ ከፍሎ፣ ከቤተሰቡ ሰዓት ቆርሶ የመጣ ሰው ተነሳሽነት አንሶት አይደለም የሚያቋርጠው። ይዞት ይመጣል፤ ክፍል ውስጥ ይፈስበታል። ንግግር አሳምሮ ማነሳሳት ቀዳዳ ባልዲ ላይ ውሃ እንደመጨመር ነው። ስለዚህ ቀዳዳውን እንፈልጋለን።

ዝግጅት፣ ሁለት ሳምንት ሲቀረው

የድሮውን የትምህርት ዕቅድ ጠረጴዛ ላይ ዘርግተን ተማሪው በእጁ ዕቃ የሚነካበትን ክፍለ ጊዜ ሁሉ በቀይ አሰመርንበት። የመጀመሪያው ቀይ መስመር የወጣው አምስተኛው ሳምንት ላይ ነው። ከዚያ በፊት ያለው የኤሌክትሪክ ታሪክ፣ የኦም ሕግና የማግኔት ጠባይ ነው። ይዘቱ ስህተት የለበትም፤ ቦታውን ነው የሳተው። የአዋቂዎች ትምህርት ተመራማሪው ማልኮም ኖውልስ እ.ኤ.አ. በ1970 ስለ አዋቂ ተማሪ ሲጽፍ ካነሳቸው ነጥቦች አንዱ ይኸው ነበር፦ ልጅ ለወደፊት ብሎ ይማራል፣ አዋቂ ግን የተማረውን ወዲያው ሊሠራበት ይፈልጋል። አምስት ሳምንት ለእንዲህ ያለ ሰው ረጅም ነው።

14 መለማመጃ ቦርድ ተዘጋጀ። 12ቱ ለሁለት ለሁለት ተማሪ፣ ሁለቱ መጠባበቂያ። አንዱ ቦርድ 60 በ80 ሳንቲ ሜትር የእንጨት ሰሌዳ ሲሆን ዲን ሬል (ዕቃዎቹ የሚገጠሙበት የብረት ሐዲድ) ተመቶበታል። ላዩ ላይ ባለ 24 ቮልት ዲሲ ፓወር ሰፕላይ ከ2 አምፔር ፊውዝ ጋር፣ ባለ 24 ቮልት ኮይል ኮንታክተር (ኮይሉ፣ ማለትም ጥቅል ሽቦው፣ ኃይል ሲያገኝ በማግኔት ስቦ መስመር የሚያገናኝ ማብሪያ፤ አንድ ክፍትና አንድ ዝግ ረዳት ኮንታክት ያለው)፣ ኦቨርሎድ ሪሌ (ሞተር ከልክ በላይ አምፔር ሲስብ መስመሩን የሚያቋርጥ)፣ ክፍት የሆነ (ሲጫን የሚያገናኝ) አረንጓዴ በተን፣ ዝግ የሆነ (ሲጫን የሚያቋርጥ) ቀይ በተን፣ ሁለት መብራትና 20 ተርሚናል አለ።

24 ቮልት የተመረጠው ለደህንነት ብቻ አይደለም። ዕቃ አቃጥላለሁ ብሎ የሚፈራ ሰው አይሞክርም፤ ያልሞከረ ሰው ደግሞ አይሳሳትም፣ ካልተሳሳተም አይማርም። በዚህ ቮልቴጅ የሚከሰት ትልቁ ጉዳት የፊውዝ መበጠስ ነው። ፊውዙ በሳጥን ተሞልቶ ጠረጴዛ ላይ በግልጽ ይቀመጥ። መምህሩ ኪስ ውስጥ ከሆነ ተማሪው ሊለምን ነው፣ ከመለመን ደግሞ ዝም ብሎ መቀመጥን ይመርጣል።

ሽቦው 1 ሚሊ ሜትር ካሬ ተጣጣፊ ነው። በ30፣ በ50 እና በ80 ሳንቲ ሜትር ቀድሞ ተቆርጦ በሦስት ሳጥን ተቀመጠ። ተማሪው ራሱ ይቁረጥ የሚል ሐሳብ ነበር። ሒሳቡን ስንሠራው መለካትና መቁረጥ ብቻውን ከእያንዳንዱ ምሽት 25 ደቂቃ ገደማ ይበላል። መላጥና ማሰር ግን የሙያው አካል ስለሆነ ለተማሪው ተተወ።

ሳምንት 1፣ የመጀመሪያው ምሽት

የተለመደው መክፈቻ መተዋወቅ፣ ደንብ ማንበብና የምዘና ክፍፍል ነበር፤ አንድ ሰዓት ይፈጃል። አሁን ደንቡ በአንድ ገጽ ታትሞ ተማሪው ሲገባ ይሰጠዋል፣ አይነበብለትም። ግባችን በ40ኛው ደቂቃ የሁሉም ሰው ኮንታክተር "ቷ" ብሎ እንዲስብ ነው።

ለዚህ ሦስት ሽቦ ይበቃል። ከፓወር ሰፕላዩ ፖዘቲቭ ወደ አረንጓዴው በተን፣ ከበተኑ ወደ ኮይሉ አንድ ጫፍ (ኤ1)፣ ከሌላው ጫፍ (ኤ2) ወደ ኔጋቲቭ። ሥዕሉ ላይ ሦስቱም ቁጥር አላቸው። በተኑ ሲጫን ይስባል፣ ጣት ሲነሳ ይወድቃል። እዚህ ላይ ጥያቄው ብቻ ሰሌዳ ላይ ተጽፎ ይቆማል፦ "ጣቴን ባነሳ እንዳይወድቅ ምን ላድርግ?" መልሱ በዚያ ምሽት አይሰጥም። አንዳንዱ የሚያውቅ ይኖራል፤ እሱ ጮክ ብሎ ከመናገሩ በፊት "ወረቀት ላይ ሣሉልኝና ሐሙስ ይዛችሁ ኑ" ማለት ያስፈልጋል። ሁለተኛው ምሽት ላይ ሰው የሚመጣው ለዚህች ጥያቄ ጭምር ነው።

በመጨረሻዎቹ ስድስት ደቂቃዎች አራት ጥያቄ ያለበት ወረቀት ይሞላል። ቦታው መጨረሻ ላይ የሆነው በምክንያት ነው፤ አንድ ነገር ሠርቶ የጨረሰ ሰው ስለራሱ ሲጽፍ ቃሉ ይረዝማል። "ለምን መጣችሁ?" የሚል ጥያቄ የለበትም። መልሱ "ሰርተፍኬት ለማግኘት" ነው፣ ከዚያ ደግሞ ምንም አይሠራም። የገባው ይህ ነው፦

1. ባለፈው ወር ሥራ ላይ ያቃታችሁ ወይም ሌላ ሰው የጠራችሁበት ነገር ምን ነበር? (ሥራ ላይ ካልሆናችሁ፦ ሲሠራ አይታችሁ "እኔም በቻልኩ" ያላችሁት ሥራ?)
2. እጃችሁ የለመደው የትኛው ሥራ ነው?
3. በሳምንት ከክፍል ውጪ እውነተኛ ስንት ሰዓት አላችሁ?
4. ምን ያስፈራችኋል?

አራተኛው አልሠራም። ከግማሽ በላይ ባዶ ተመለሰ፤ የተሞላውም "ምንም" ነው። ፍርሃቱን ጽፎ ለማያውቀው ሰው የሚሰጥ ማን አለ? ለሚቀጥለው ዙር "ከርዕሶቹ ውስጥ ከባድ የሚመስላችሁን አክብቡ" ተብሎ ተቀይሯል። ስለ ሰውየው የሚጠይቀው ጥያቄ ስለ ርዕሱ የሚጠይቅ ሆነ፣ መረጃው ግን ያው ነው።

ሦስተኛው ጥያቄ ያመጣው መልስ አብዛኛውን ጊዜ "ሁለት" ነው። የቤት ሥራው በዚያው ልክ ተቆረጠ፦ በሳምንት አንድ ገጽ፣ ከ40 ደቂቃ የማይበልጥ።

ወረቀቶቹን ማንበብ ብቻ ጥቅም የለውም። 24ቱን አንብቦ እያንዳንዱን ችግር ከሚመለስበት ሳምንት ጋር ማገናኘት አንድ ሰዓት ይወስዳል። ከዚያ ስም ሳይጠቀስ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል፦ "ሳምንት 3፦ ረጅም መስመር ጫፍ ላይ ያለው ኮንታክተር የማይስበው"፣ "ሳምንት 9፦ ፓምፑ ራሱ እየተነሳ የሚጠፋው"። ተማሪው የራሱን ዓረፍተ ነገር ግድግዳ ላይ ሲያይ ኮርሱ ስለ እሱ እንደሆነ ይገባዋል። ሳይለጠፍ የቀረ ወረቀት ካለ ባለቤቱ ያስተውላል፤ ከኮርሱ ውጪ የሆነ ችግር የጻፈ ሁለት ሰው ስለነበር ለብቻ ጠርቶ "ይሄ እዚህ አይሸፈንም፣ በዚህ በዚህ ትምህርት ውስጥ ነው" ማለት አስፈልጓል።

ሳምንት 2

ማርፈድ። ክፍሉ የሚጀምረው በሰዓቱ ነው፣ ተማሪው የሚደርሰው ግን ከሥራ ሲለቁት። በሩን ገፍቶ ሲገባ ዋናው ሐሳብ አልፎታል፣ የሰዉም ዓይን እሱ ላይ ነው። ሁለት ሦስቴ እንዲህ የሆነበት ሰው አራተኛው ቀን ሲረፍድበት መንገድ ላይ "ዛሬስ ይቅር" ብሎ ወደ ቤቱ ይታጠፋል። ኮርስ የሚቋረጠው በአብዛኛው እንዲህ ነው፤ ማንም ቁጭ ብሎ "አቋርጣለሁ" ብሎ አይወስንም።

የመጀመሪያዎቹ 20 ደቂቃዎች ስለዚህ "የመግቢያ ሥራ" ሆኑ። አዲስ ነገር አይነገርም። የገባ ሰው ቦርዱ ጋር ሄዶ የተደበቀ ብልሽት ይፈልጋል፣ ከዚያ ካለፈው ክፍለ ጊዜ ሁለት ጥያቄ ደብተር ሳይገልጥ ይመልሳል። ያረፈደም ሹልክ ብሎ ገብቶ ከአጋሩ ጋር ይቀጥላል።

ብልሽት መትከል በቦርድ አንድ ደቂቃ ይበቃዋል። ከሁሉ የሚወደድልን ይህ ነው፦ አንዱ የሽቦ ጫፍ ሳይላጥ ከነፕላስቲኩ ተርሚናል ውስጥ ይገባና ይጠበቃል። ሲያዩት የታሰረ ነው፣ ሲጎትቱት አይነቀልም፣ ግን አያስተላልፍም። በዓይን ብቻ ብልሽት ለመፈለግ የለመደ ሰው መልቲሜትር እንዲያነሳ ከዚህ የተሻለ ምክር የለም።

ሁለቱ ከማስታወስ የሚመለሱ ጥያቄዎች ግን ጉርምርምታ አስነሱ፤ "እንደገና ብናነበው አይሻልም ወይ?" የሚል። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ሮዲገርና ካርፒክ እ.ኤ.አ. በ2006 ያሳተሙት ሙከራ ለዚህ መልስ አለው። ደጋግመው ያነበቡት ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ በለጡ፤ ከሳምንት በኋላ ግን ከማስታወስ የጻፉት በለጧቸው። ተማሪው የሚሰማው የአምስት ደቂቃውን ውጤት ነው። ይህን በሁለት ደቂቃ ነግሮ መቀጠል ጉርምርምታውን ቀነሰው። አዋቂ ምክንያቱ ሲነገረው ብዙ ነገር ይታገሣል።

ያልታሰበው ችግር፦ ከፊሉ ሰው 20ኛውን ደቂቃ የመጀመሪያ ሰዓት አድርጎ ያዘው። የመግቢያ ሥራው ከጠቅላላው ውጤት 10 በመቶ ተሰጠው፤ ከ30ዎቹ የተሻሉት 24ቱ ብቻ ይቆጠራሉ። ስድስት ቀን መቅረት ወይም ማርፈድ ያለ ማመልከቻ፣ ያለ ሐኪም ወረቀት ተፈቅዷል ማለት ነው። የልመና ሰልፉም በዚያው ቀረ።

ሳምንት 3

የኦም ሕግ አሁን ገባ፣ በጥያቄ ተጠርቶ። በእያንዳንዱ ቦርድ ከኮይሉ ፊት 150 ኦም፣ 2 ዋት ሬዚስተር በጥቁር ቱቦ ተሸፍኖ ተተከለ፤ "100 ሜትር ቀጭን ሽቦ ነው እንበል" ተባለ። አረንጓዴው ሲጫን ኮንታክተሩ አልስብም አለ። የኛ ኮይል ሲለካ 190 ኦም ገደማ ነው። ስሌቱ፦ 24 ሲካፈል ለ340፣ 0.07 አምፔር፤ ኮይሉ ላይ የሚደርሰው 13.4 ቮልት ነው። ለኮንታክተር የሚፈለገው ከተጻፈበት ቮልቴጅ ቢያንስ 85 በመቶ፣ ማለትም 20.4 ቮልት ነው። ተማሪው መልቲሜትሩን ኤ1 እና ኤ2 ላይ አድርጎ 13 ቮልት ሲያነብ ቀመሩን ራሱ ይጠይቃል። በእጅ ሲገፉት ደግሞ ብዙ ጊዜ ይዞ ይቀራል፤ የአየር ክፍተቱ ሲዘጋ ለመያዝ የሚያስፈልገው ኃይል ስለሚያንስ። የማግኔቱ ትምህርት በዚህ በኩል ገባ።

ስሌት የሚፈራ ሰው እዚህ ላይ ይታወቃል፤ ካልኩሌተሩን ለአጋሩ ያሳልፋል። ትምህርት ቤት ከለቀቀ ዓመታት ያለፉት ሰው "ሒሳብ አይሆንልኝም" ሲል ስለ ሒሳብ ሳይሆን ስለ አንድ የድሮ ክፍል እያወራ ነው። የሥነ ልቦና ተመራማሪው አልበርት ባንዱራ እ.ኤ.አ. በ1977 "እችላለሁ" የሚል እምነት ከየት እንደሚመጣ ሲዘረዝር ብርቱው ምንጭ ራስ ሠርቶ መሳካት ነው ብሏል፤ ማበረታቻ ቃል ደካማው ወገን ውስጥ ነው። ስለዚህ "አይዟችሁ" ቀርቶ አራት ገጽ ታተመ። በመጀመሪያው ሦስት ጥያቄ ከነሙሉ አሠራሩ አለ። በሁለተኛው የመጨረሻው እርምጃ ባዶ ነው፣ በሦስተኛው የመጨረሻዎቹ ሁለት። አራተኛው ጥያቄው ብቻ ነው። የጆን ስዌለር ጥናቶች እንዳሳዩት ጀማሪ ሰው የተሠራ ምሳሌ አንብቦ የበለጠ ይማራል፤ ባዶ ጥያቄ ላይ ብቻውን ሲታገል አእምሮው በፍለጋው ይያዛል።

ይኸው ገጽ ለሚያውቅ ሰው አሰልቺ ነው። የመጀመሪያው ገጽ ራስጌ ላይ አንድ ጥያቄ ተጨመረ፦ "ይህን ከመለስክ ወደ ገጽ 4 እለፍ።"

ሳምንት 4

የውጤት ሰንጠረዥ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ነበር፤ ስም፣ የተጠናቀቁ ሥራዎች ብዛት፣ ደረጃ። ከሁለት ክፍለ ጊዜ በኋላ ተነሳ። ከላይ ያሉት አራት ሰዎች ይወዱታል፤ እነሱ ያለ ሰንጠረዡም ይመጡ ነበር። ከታች ያለው ሰው ግን ከልጁ ዕድሜ በማይርቅ ሰው ስር ስሙን ያነባል። ተለጣፊ ኮከብና ትንንሽ ሽልማት የሚለው ሐሳብም በዚሁ ተዘጋ፤ ኤድዋርድ ዴሲ እ.ኤ.አ. በ1971 እንዳሳየው እንቆቅልሽ ለመፍታት ገንዘብ የተከፈላቸው ሰዎች ክፍያው ሲቆም በነፃ ጊዜያቸው የሚሞክሩት ያንሳል።

በምትኩ የኪስ ካርድ። 18 ክህሎት ተዘርዝሮበታል፣ እያንዳንዱ በሚለካ ቃል፦ "ቴስተሩን ባለ ኃይል ቦታ ፈትሾ፣ መስመሩን ፈትሾ፣ ቴስተሩን ዳግም ፈትሾ ኃይል አለመኖሩን አረጋግጧል"፤ "ኦቨርሎድ ሪሌውን ከሞተሩ ሰሌዳ አንብቦ አስተካክሏል"። ሲሠራ ቀንና ፊርማ። "ስለ ኮንታክተር ተረድቷል" የሚል መስመር የለውም፤ መረዳትን ማን ይፈርምበታል? ካርዱ ከተማሪው ጋር ነው፣ ቅጂው በመምህሩ ዘንድ። ቀጣሪ ፊት ሊወጣ የሚችል ሰነድ ስለሆነ ጥንቃቄ ያስፈልገዋል። ጨርሶ ያልሠራውን "ልትችለው ነው" ብሎ መፈረም የሁሉንም ካርድ ዋጋ ያወርዳል።

ሳምንት 5

በዚህ ሳምንት ብዙ ስለተማርን እንዘርዝረው።

የሚይዘው ሰርኪት (ጣት ሲነሳ ኮንታክተሩ እንዳይወድቅ ከሁለተኛው ምሽት ጀምሮ የተሠራው) በብልሽት ተፈተነ። የኮንታክተሩ ክፍት ረዳት ኮንታክት፣ ተርሚናል 13 እና 14፣ ከአረንጓዴው በተን ጋር ጎን ለጎን ይታሰራል። ተማሪዎች በራሳቸው የሚሠሩት ስህተት ሦስት ዓይነት ነው፦ ከበተኑ ጋር በተከታታይ ሲያስሩት ምንም አይነሳም። በ13 እና 14 ፋንታ ዝጉን 21 እና 22 ሲይዙ፣ ኃይል እንደተሰጠ ማንም ሳይነካው እየሳበ እየለቀቀ ይንጣጣል። ሦስተኛው አደገኛ ነው፤ የሚይዘውን ሽቦ ከቀዩ በተን በፊት ሲወስዱት ሞተሩ ይነሳል፣ ሁሉም ደህና ይመስላል፣ ማቆሚያው ግን አያቆምም።

ድሮ መምህሩ እየዞረ "ይሄ ስህተት ነው" ብሎ ያስተካክል ነበር። አሁን የሚለው አንድ ነገር ነው፦ "ቀዩን ተጫኑት።" ሞተሩ አልቆምም ሲል ክፍሉ ጸጥ ይላል። ከዚያ "ይህ ማሽን ላይ ሰው እጁ ቢያዝስ?" "ይህ ፈተና ላይ ይመጣል" የሚለው ዓረፍተ ነገር ከኮርሱ ወጥቷል፤ ተማሪውን ከሥራው አንስቶ ወደ ፈተናው ያዞረዋል።

ጥንድ አሰላለፍ ላይ ግን ጥፋት ነበረብን። ልምድ ያለውን ከጀማሪ ጋር ማጣመር ወረቀት ላይ ያምራል። በተግባር ካቻቢቴው ልምድ ባለው እጅ ይቀራል፣ ጀማሪው ተመልካች ይሆናል፤ ምሽቱ ሲያልቅ አንዱ ሠርቷል ግን አልተማረም፣ ሌላው አልሠራም። አሁን ሕጉ ይህ ነው፦ የሚያውቀው ሥዕሉን ይይዛል፣ የማያውቀው ካቻቢቴውን። ሥዕል የያዘው ዕቃ አይነካም፣ በአፉ ብቻ ይመራል። በየ20 ደቂቃው ይቀያየራሉ። ልምድ ያለው ሰው መጀመሪያ ይበሳጫል፤ ከዚያ እጁ ለዓመታት የሚያውቀውን በቃል ማስረዳት ሲያቅተው የሚማረው ነገር ያገኛል።

የለመደ እጅ ጉድለትም ይዞ ይመጣል። ሳይፈትሽ የሚነካ፣ ተርሚናል ውስጥ ሁለት ሽቦ ጠምዝዞ የሚያስገባ። "ተሳስተሃል" ሲባል የሚሰማው "እስከ ዛሬ የሠራኸው ከንቱ ነው" የሚል ነው፣ ከዚያ ጆሮው ይዘጋል። የሠራልን መንገድ የጠመዘዘውን ራሱ እንዲጎትተው ማድረግ ነው። አንዱ ሽቦ ሾልኮ ሲወጣ ክርክር አያስፈልግም።

ሳምንት 6 እና 7

መቅረት የሚጀምረው እዚህ ነው። የመጀመሪያው ጉጉት በርዷል፣ ፍጻሜው ገና ሩቅ ነው፣ የሥራ ቦታ ፈረቃም ይቀየራል። ፓትሪሺያ ክሮስ እ.ኤ.አ. በ1981 የአዋቂ ተማሪን እንቅፋት በሦስት ከፍላዋለች፦ የኑሮ ሁኔታ፣ የተቋሙ አሠራር፣ የራስ አመለካከት። መምህር የመጀመሪያውን ብዙም መለወጥ አይችልም። ሁለተኛው ግን በእጁ ነው፤ ሦስተኛውም ቢሆን አብዛኛውን ጊዜ ከመጀመሪያዎቹ ሁለቱ የሚወለድ ነው።

አንድ ክፍለ ጊዜ የቀረ ሰው በዚያው ምሽት መልእክት ይደርሰዋል። ቃሉ ሦስት ጊዜ ተቀይሯል። "ለምን ቀረህ?" ምርመራ ይመስላል። "ናፍቀኸናል" ለአንዳንዱ ውሸት ይመስላል። የጸናው ይህ ነው፦ "ዛሬ የሠራነው ኦቨርሎድ ሪሌ ነው፤ ገጹ ተያይዟል። ሐሙስ ቦርድ 7 ላይ ናችሁ፤ አጋራችሁ ከሽቦ 8 ይቀጥላል።" ምክንያት አይጠይቅም። ቦታው እንዳለ ይነግረዋል፣ የሚገባበትንም ነጥብ ያሳያል።

ገጹ አንድ ብቻ ነው፦ የሠራነው ሥዕል፣ ሦስት ዓረፍተ ነገር፣ አንድ ጥያቄ። ሙሉ ማስታወሻ ሲላክ "ይህን ሁሉ ሳላነብ አልሄድም" ብሎ ሌላም ክፍለ ጊዜ የሚቀር ሰው አለ።

ሁለት ተከታታይ ቀን የቀረ ሰው ስልክ ይደወልለታል፤ አምስት ደቂቃ። ሦስት ከሞላ በኋላ የሚደረግ ጥሪ ብዙ ጊዜ ዘግይቷል።

ሌላው የተሞከረው የሥነ ልቦና ተመራማሪው ፒተር ጎልዊትዘር "እንዲህ ከሆነ እንዲህ አደርጋለሁ" ዕቅድ ነው። ተማሪው በአንድ መስመር ይጽፋል። የመጀመሪያው ዙር ከሽፏል፤ የተጻፈው "ጠንክሬ እሠራለሁ" እና "ላለመቅረት እሞክራለሁ" ነው። እንዲህ ያለው ዕቅድ ሳይሆን ምኞት ነው። በሁለተኛው ዙር ቅጹ ራሱ ቦታና ሰዓት ጠየቀ፦ "ማክሰኞ ከሥራ ስወጣ ____ ላይ ከሆንኩ፣ ወዲያው ____።" "አለቃዬ ትርፍ ሰዓት ካዘዘኝ፣ ለአጋሬ መልእክት ልኬ ለሁለተኛው ሰዓት እደርሳለሁ" የሚል መስመር የወጣው ከዚህ ነው። የምንፈልገው እንዲህ ያለውን ነው።

ሳምንት 8

የአጋማሽ ፈተና፣ ተግባር ብቻ። የቀድሞው ፈተና በሳምንቱ ታርሞ ይመለስ ነበር፤ ያን ጊዜ ተማሪው የሠራውን ረስቶታል፣ ቁጥሩን ብቻ አይቶ ያጥፈዋል። አሁን እርማቱ ቦርዱ አጠገብ ነው። 12 ነጥብ ያለው ዝርዝር አለ፤ አንድ መምህር ለ12 ቦርድ ሦስት ሦስት ደቂቃ ቢሰጥ 36 ደቂቃ ነው፣ ሰውም ቆሞ ይጠብቃል። ስለዚህ ዘጠኙን ነጥብ ጥንዶች እርስ በርስ ያያሉ። መምህሩ የሚያየው ሦስቱን የደህንነት ነጥብ ብቻ ነው፦ መሬት መስመሩ፣ የቀዩ በተን ማቆም፣ የተርሚናሎቹ ጥብቀት። በቦርድ ደቂቃ ተኩል፤ 18 ደቂቃ።

ድጋሚ ፈተና በሁለት ሳምንት ውስጥ አንድ ጊዜ ይፈቀዳል፤ ብልሽቱ ግን ይቀየራል። ያለ ገደብ ስንፈቅድ የመጀመሪያውን ሙከራ ሁሉም ቀልድ አደረገው።

ከሳምንት 9 እስከ 12

ምርጫ። ኤድዋርድ ዴሲና ሪቻርድ ራያን ለሰው ተነሳሽነት መሠረት ካሏቸው ሦስት ፍላጎቶች አንዱ በራስ መወሰን ነው (ሌሎቹ መቻልና ከሰው ጋር መተሳሰር ናቸው)። "የፈለጋችሁትን ፕሮጀክት ምረጡ" ሲባል ግን ሁለት ምሽት በምርጫ አለቀ። ሦስት ብቻ ቀረቡ፦ በተንሳፋፊ ማብሪያ የሚነሳ የውሃ ፓምፕ፣ ወደ ፊትና ወደ ኋላ የሚዞር ሞተር፣ በሰዓት ቆጣሪ የሚለዋወጥ ስታር ዴልታ (ሞተሩ በአነስተኛ ኃይል ተነስቶ ወደ ሙሉ ኃይል የሚሸጋገርበት አሠራር)። በአንድ ክፍለ ጊዜ ይመረጣል፣ በሦስት ሳምንት ያልቃል።

ሁሉም ወደ ፓምፑ አዘነበሉ፤ ቀላል መስሏቸው። የሦስቱም የምዘና ዝርዝር እኩል 12 ነጥብ እንደሆነና ፓምፑም ደረቅ ሲሮጥ የሚያቆም መከላከያ እንደሚጠይቅ ሲታወቅ ክፍፍሉ ተስተካከለ። ወደ ፊትና ወደ ኋላ የሚዞረው ላይ ሁለቱ ኮንታክተሮች አብረው ከሳቡ ሁለት ፌዝ (ለሞተሩ ኃይል ከሚያመጡት ሦስት መስመሮች ሁለቱ) እርስ በርስ ይጋጫል። የአንዱ ዝግ ኮንታክት በሌላው ኮይል መስመር ላይ ሳይታሰርና ሜካኒካል መቆለፊያው ሳይገባ ማንም ወደ ሦስት ፌዝ አይሸጋገርም። ዋናው ኃይል የሚከፈተው በመምህሩ ቁልፍ ብቻ ነው።

ተማሪዎች ከሥራ ቦታቸው ፎቶ እንዲያመጡ የተጠየቀው ግን ስህተት ነበር። አንዳንዱ ቦታ ፎቶ ክልክል ነው፤ የባሰው ደግሞ ሰው ኃይል ያለውን ፓነል ለእኛ ብሎ ሊከፍት ይችላል። ወዲያው ተሻረ። አሁን የሚመጣው የሞተር ሰሌዳ ጽሑፍ ብቻ ነው፣ ከውጭ በእጅ ተገልብጦ። 1.5 ኪሎ ዋት፣ 400 ቮልት፣ 3.4 አምፔር የሚል ሰሌዳ ለአንድ ሙሉ ምሽት ይበቃል፦ ሪሌው 3.4 ላይ ይስተካከላል፤ በስታር ዴልታ ሪሌው የሞተሩ ጥቅል መስመር ውስጥ ከሆነ በ0.58 ተባዝቶ ወደ 2 አምፔር ይወርዳል። አምፔሩን ሳያይ ሪሌውን "ትንሽ ከፍ" የሚያደርግ ሰው ሞተር የሚያቃጥለው እዚህ ላይ ነው።

ሳምንት 13፣ 14

የተለየ ነገር የለም። ድጋሚ ሥራ፣ ካርድ መሙላት።

ሳምንት 15 እና 16

የመጨረሻው ምዘና 60 ደቂቃ ነው፤ ሰርኪት መገንባትና ሁለት ብልሽት ማግኘት። ብልሽቱን አግኝቶ ምክንያቱን በአንድ ዓረፍተ ነገር ያልጻፈ ግማሽ ያገኛል፤ ነካክቶ ያገኘውንና ለክቶ ያገኘውን የምንለየው በዚህ ነው።

ካርዳቸው 18 ያልሞላ ተማሪዎች ኮርሱ ካለቀ በኋላ በሚቀጥሉት ስምንት ሳምንታት በማንኛውም የመግቢያ ሥራ ሰዓት መጥተው የጎደለውን ማስፈረም ይችላሉ። ለአዲሱ ክፍልም ይጠቅማል፤ ያለፈበትን ሰው ያያሉ።

ለሚቀጥለው ዙር የታዘዘ፦ የ2 አምፔር ፊውዝ 100፣ ሽቦ መላጫ 6 ተጨማሪ (በፒንሳ የተላጠው ሽቦ ግማሽ ክሩ እየተቆረጠ ነው)፣ የ30 ሳንቲ ሜትር ሽቦ እጥፍ፣ የ80ው ግማሽ። የመግቢያ ወረቀቱ አራተኛ ጥያቄ ይቀየር። የቦርድ 7 አረንጓዴ በተን ተጭኖ እየቀረ ነው፤ ቀዩን ሲለቁት ሞተሩ መልሶ ይነሳል። እንዳይቀየር፤ ለሳምንት 5 ይቀመጥ።